28 ጎል በ23 ጨዋታ፦ ስቲቭ ብሉመር ማን ነበር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? ስለ ሃሪ ኬን ሪከርድ ሳነብ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጎል አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ ስቲቭ ብሉመር የሚል ስም አገኘሁ። 23 ጨዋታ፣ 28 ጎል ይላል። ያኔ ኳስ ቀላል ስለነበር ነው ወይስ ሰውየው እውነትም አጥቂ ነበር? ኳስ ካቆመ በኋላስ ምን ሆነ? በአማርኛ ስለሱ ብፈልግ ምንም አጣሁ።»

ሰላም ነው ወንድሜ። ስለ ብሉመር የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ስንት ዓመቴ! አጥቂ የማሰለጥን ሰው ነኝና ለልጆቼ ስሙን ደጋግሜ አነሳላቸዋለሁ። እስቲ ረጋ ብዬ ልመልስልህ።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ብሉመር ከ1895 እስከ 1907 ለእንግሊዝ 23 ጊዜ ተሰልፎ 28 ጎል አግብቷል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። በመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች አንዱንም ሳይዘል አገባ። የነዚያ 10 ጨዋታዎች ድምር ብቻ 19 ጎል ነው። በሊጉ ደግሞ 352 ጎል አለው። የብሔራዊ ቡድኑን ሪከርድ ቪቪያን ውድዋርድ እስኪያልፈው ድረስ፣ እስከ 1911 ማለት ነው፣ የሚነካው አልነበረም።

አሁን «ቀላል ነበር ወይ?» ወዳልከው። ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔም ሳላድበሰብስ ልመልስ።

በሱ ዘመን እንግሊዝ የምትጫወተው ከሦስት አገሮች ጋር ብቻ ነበር፤ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ። በዓመት ሦስት ጨዋታ፣ አለቀ። ከነሱ ውጭ ያለ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመችው በ1908 ነው፤ ኦስትሪያን፣ ቪየና ሄዳ። ብሉመር በዚያን ጊዜ ከብሔራዊ ቡድን ወጥቷል። ከ28ቱ ጎሎች 12ቱ በዌልስ፣ 8ቱ በአየርላንድ ላይ የተቆጠሩ ናቸው። ሁለቱም ያኔ ደካማ ቡድኖች ነበሩ። በማርች 1896 ካርዲፍ ላይ ዌልስ 9 ለ 1 ስትሸነፍ 5ቱን ያገባው እሱ ነው። በ1901 ኒውካስል ላይ ደግሞ በዚችው ዌልስ ላይ 4 ደገመ። እዚህ ድረስ ተጠራጣሪ ሰው እውነት አለው።

ስኮትላንድ ግን ሌላ ነገር ናት። እንግሊዞች ኳስ እየነዱ በጉልበት ሲሮጡ ቅብብልን ያስተማሯቸው ስኮትላንዶች ናቸው። የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ከነሱ ጋር የሚደረገው ነበር። የቀሩት 8 ጎሎች የገቡት እዚያ ላይ ነው፤ በ10 ጨዋታ። በ1904 ግላስጎው ሄደው እንግሊዝ 1 ለ 0 ስታሸንፍ አግቢው ብሉመር ነው። በ1907 ኒውካስል ላይ 1 ለ 1 ሲለያዩም የእንግሊዟ ጎል የሱ ነበረች። ያቺ ለአገሩ የመጨረሻ ጨዋታውም የመጨረሻ ጎሉም ናት። እኔ ሰውየውን የምመዝነው በነዚህ ስምንቱ ነው።

ሕጉንም አስብ። ዛሬ አጥቂ ኦፍሳይድ እንዳይባል፣ ኳስ ሲላክለት በሱና በግቡ መስመር መካከል በረኛውን ጨምሮ ሁለት ተጋጣሚ ካለ በቂ ነው። እስከ 1925 ድረስ ግን ሦስት ያስፈልግ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ከሁለቱ ተከላካዮች አንዱ ወደፊት ብቅ ካለ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው። እሱ ቢሳሳት እንኳ ወደኋላ የቀረው ሌላው ተከላካይ ይሸፍንለታል። ከ1907 በፊት ደግሞ በራስህ ሜዳ ክልል ውስጥ ቆመህም ኦፍሳይድ ትባል ነበር። በረኛው እስከ 1912 ድረስ በራሱ ሜዳ ግማሽ የትም ቦታ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ኳሷ ቆዳ ናት፣ ማሰሪያ ክር አላት፣ ዝናብ ስትጠጣ ድንጋይ ነው የምትሆነው። ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መከላከሉ እንደዛሬው የተራቀቀ አልነበረም፤ ለአጥቂውም ግን ማንም ምንጣፍ አላነጠፈለትም።

ታዲያ በምን አገባ? እንደ አሰልጣኝ የሚያስደስተኝ ይሄ ክፍል ነው።

ብሉመር ግዙፍ ሰው አልነበረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ቀጭን፣ ፊቱ የገረጣ። ቅጽል ስሙም «ገርጣው» እንደማለት ነው። ሜዳ ላይ የሚጫወተው በቀኝ በኩል፣ በመሃል አጥቂውና በቀኝ ክንፉ መካከል ነበር። አመታቱ ነው ልዩ ያደረገው። እግሩን ወደኋላ ብዙ አይስብም ነበር። አብዛኛው ሰው ጠንክሮ ለመምታት እግሩን ወደኋላ ይወስዳል፤ በረኛውም ያቺን እንቅስቃሴ ያነብና ይዘጋጃል። ብሉመር ያቺን ምልክት አይሰጥም። ኳሷ እግሩ ሥር ስትደርስ ሳያቆማት፣ ሳያስተካክላት፣ ባለችበት ይመታታል። ያውም መሬት ለመሬት፣ ወደ ጥግ። በዚያ ጭቃ ላይ የምትሾልክ ኳስ ለበረኛ ምን ያህል መከራ እንደሆነች ቆሞ የሚያውቅ ይፍረድ።

ልጆቼን «ሁለት ጊዜ አትንካ» ብዬ ስጮህባቸው የማስበው እሱን ነው። አብዶ መሥራት ያምራል። ጎል ፊት ስትደርስ ግን ጊዜ የለህም። ይሄ ሰው ከ130 ዓመት በፊት ገብቶት ነበር።

ያደገው በብረትና በእሳት መካከል ነው። የተወለደው ጃንዋሪ 20 ቀን 1874 በእንግሊዝ መሃል አገር፣ ክራድሊ በምትባል የብረት ሠራተኞች መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ደርቢ ከተማ ሄደ። አባቱ ብረት ሠራተኛ ነበር። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲወጣ አንጥረኛ ቤት መዶሻ መቺ ሆኖ ገባ። በ1892 በ18 ዓመቱ ለደርቢ ካውንቲ ፈረመ። ደመወዙ በሳምንት 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ያኔ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ስለነበር ግማሽ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያ ጨዋታውን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከስቶክ ጋር አደረገ።

ደርቢ ካውንቲን የኛ ተመልካች የሚያውቀው በ2007/08 በ11 ነጥብ ከፕሪሚየር ሊግ የወረደ ክለብ ብሎ ነው። በብሉመር ጊዜ ግን የትልቆቹ ወገን ነበር። እዚያ ጆን ጉዶልን አገኘ። ጉዶል በ1888/89 ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላው የፕሬስተን ቡድን አጥቂ ነበር። ትልቅ ተጫዋች ነው፣ በጠባዩም የተመሰገነ። ይህን ገርጣ ልጅ አጠገቡ አድርጎ አሳደገው፤ የት መቆም እንዳለበት፣ መቼ መሮጥ እንዳለበት አሳየው። ተሰጥኦ ያለው ልጅ እንዲህ ዓይነት ታላቅ ካላገኘ የትም አይደርስም ብዬ አምናለሁ። ብዙ ልጆች ሲጠፉ አይቻለሁና።

ከዚያ በኋላ ያለው የጎል ዶፍ ነው። አምስት ጊዜ የአንደኛ ዲቪዚዮን ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በጃንዋሪ 1899 በሼፊልድ ዌንስዴይ ላይ በአንድ ጨዋታ 6 አገባ። በበጋ ደግሞ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። ደርቢ የቤዝቦል ቡድን ነበራት፤ የብረት ፋብሪካ ባለቤቱ ፍራንሲስ ሌይ አሜሪካ ሄዶ ጨዋታውን ሲያይ ወደደውና ለሠራተኞቹ ሜዳ ሠራ። ደርቢ ካውንቲ በ1895 ገብቶ ለ100 ዓመት ያህል የተጫወተበት ቤዝቦል ግራውንድ ያ ሜዳ ነው።

ዋንጫ ግን እምቢ አለው። በ1895/96 ደርቢ በሊጉ ሁለተኛ ወጣ። በ1898 ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ፤ ተጋጣሚው ጎረቤቱ ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። ከጥቂት ቀን በፊት በሊግ 5 ለ 0 ደርቢ አሸንፎታል። ፍጻሜው ላይ ብሉመር አገባ፤ ደርቢ ግን 3 ለ 1 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ፍጻሜ። እስከ እረፍት 1 ለ 0 መሩ። ሲያልቅ ሼፊልድ ዩናይትድ 4 ለ 1። በ1903 ሦስተኛ ፍጻሜ። ብሉመር ተጎድቶ ከሜዳ ውጭ ሆነ፤ ቤሪ 6 ለ 0 ቀጣቸው። ማንቸስተር ሲቲ በ2019 ዋትፎርድን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ «የፍጻሜ ሪከርድ ተስተካከለ» የተባለው ያኔ በደርቢ ላይ የተመዘገበው ነው። ደርቢ ያንን ዋንጫ ያነሳው በ1946 ነው። ብሉመር ከሞተ 8 ዓመት በኋላ።

ገንዘብም አላገኘም። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል። በ1901 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ደነገገ። በአገሪቱ ከሱ በላይ የሚያገባ የለም፤ ጣሪያው ግን ለሱም ለሌላውም አንድ ነው። ክለቡ ካልፈቀደም ወደ ሌላ መሄድ አይቻልም። ጫማ የሚሠሩ ሰዎች በስሙ ታኬታ ሸጠዋል፤ ማስታወቂያም ሠርቷል። የዛሬን ሂሳብ እዚህ ውስጥ እንዳታስገባ እንጂ።

በማርች 1906 ደርቢ ገንዘብ ቸገረውና በ750 ፓውንድ ለሚድልስብሮ ሸጠው። ደጋፊው አዘነ። ደርቢ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ብሉመር በ1910 ሲመለስ 36 ዓመቱ ነበር። አምበል ሆነ። በ1912 ሁለተኛ ዲቪዚዮኑን አሸንፈው ወደ አንደኛው ተመለሱ። በጃንዋሪ 1914፣ 40 ዓመት በሞላበት ወር፣ የመጨረሻ የሊግ ጨዋታውን ተጫወተ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ብዙዎች ጎሉን ቆጥረው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኔ ግን የሰውየው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጁላይ 1914 ላይ ብሪታኒያ በርሊን የሚባል የጀርመን ክለብ አሰልጣኝ ሊሆን ወደ በርሊን ሄደ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ አሰልጣኝ በአውሮፓ ተፈላጊ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በኖቬምበር ጀርመኖች በአገራቸው ያሉ የእንግሊዝ ዜጋ ወንዶችን እየለቀሙ አሰሩ። ብሉመርም ከነሱ አንዱ ሆነ። የታሰሩበት ቦታ ሩህሌበን ይባላል፤ በበርሊን ምዕራብ ስፓንዳው አጠገብ ያለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው። መኖሪያቸው ጋጣ ነበር። ለአንድ ፈረስ በተሠራች ክፍል ስድስት ሰው። በጊቢው 4,000 ያህል ሰው ነበር። መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ሙዚቀኛ። በኋላ ኒውትሮንን አግኝቶ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ጄምስ ቻድዊክም እዚያው ጋጣ ውስጥ ነበር።

ኳስ ተጫዋቾችም ሞልተውበታል። ፍሬድ ፔንትላንድ አለ፤ በሚድልስብሮ ከብሉመር ጋር የተጫወተ፣ ለእንግሊዝም የተሰለፈ ነው። ሌላው የእንግሊዝ ተሰላፊ ሳም ዎልስተንሆልም አለ። በ1901 ቶተንሃምን በአሰልጣኝነትም በተጫዋችነትም የኤፍኤ ካፕ ባለቤት ያደረገው ስኮትላንዳዊው ጆን ካሜሮንም አለ። በ1915 መጀመሪያ ጀርመኖቹ የእሽቅድምድሙን ሜዳ ከፊሉን እንዲጠቀሙበት ሲፈቅዱላቸው እስረኞቹ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ሊግ መሠረቱ፤ እያንዳንዱ ጋጣ የራሱ ቡድን ነበረው። ጽሑፍ አትመው ውጤት አወጡ። በሜይ 1915 የእንግሊዝ ምርጥ ከዓለም ምርጥ ጋር ተጫወተ። 41 ዓመት የሞላው ብሉመር አሁንም ጎል ያገባ ነበር። በበጋ ደግሞ ክሪኬት።

በእንዲህ ያለ ቦታ ኳስ ምን እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል። ሚስቱና ልጆቹ እንግሊዝ ናቸው። መቼ እንደሚፈታ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። በ1918 ጦርነቱ ሳያልቅ ወደ ኔዘርላንድስ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ እዚያም አሰለጠነ። ወደ ቤቱ የገባው ሰላም ሲወርድ ነው።

ደርቢ ላይ ወጣቶቹን ትንሽ አሰልጥኖ በ1923 ወደ ስፔን ሄደ። ክለቡ ሪያል ዩኒዮን ይባላል፤ ከተማው ኢሩን፣ በባስክ አገር የፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ላይ ባርሴሎናን በግማሽ ፍጻሜ ጣለ። በፍጻሜው ሳን ሴባስቲያን ላይ ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸነፈ። ባርሴሎናን አልፎ ማድሪድን፣ በአንድ ዋንጫ፣ በዚያች ከተማ ልጆች! ለደርቢ በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ያጣውን ትልቁን ዋንጫ በ50 ዓመቱ ሰው አገር አገኘው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1923፣ ያንኑ ዋንጫ የወሰደው አትሌቲክ ቢልባዎ ነው። አሰልጣኙ ማን ይመስልሃል? ፍሬድ ፔንትላንድ። ሁለት የሩህሌበን እስረኞች፣ በአንድ የባስክ አገር፣ ተከታታይ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዋንጫ። አጭር ቅብብልና መሬት ለመሬት ኳስ ወደ ስፔን ከገባባቸው መንገዶች አንዱ በዚያ የፈረስ ጋጣ በኩል ነው ብል አላጋነንኩም።

በ1925 ወደ ደርቢ ተመለሰ። ክለቡ ቤዝቦል ግራውንድ ላይ ሥራ ሰጠው፤ ሜዳውን መንከባከብ፣ ያገኘውን መርዳት። በከተማው ጋዜጣ ላይም ስለ ኳስ ይጽፍ ነበር። ባለቤቱ ሳራ አረፈች። እሱም ጤናው እየከዳው መጣ። አየር እንዲለውጥ ወዳጆቹ ተረባርበው በመርከብ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላኩት። ተመልሶ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። ኤፕሪል 16 ቀን 1938 በ64 ዓመቱ አረፈ። ጸሎቱ የተደረገው በደርቢ ካቴድራል ነው። የመዶሻ መቺው ልጅ በከተማው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተሸኘ።

ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ እውነትም አጥቂ ነበር። ኬንን ከሱ ጋር በቁጥር ብቻ ማወዳደር ግን ለሁለቱም አይሆንም። ኬን በ2023 ኔፕልስ ላይ የሩኒን 53 ጎል ሲያልፍ የተጫወተው በሌላ ዓለም ነው፤ ከሁሉም አህጉር አገሮች ጋር፣ በየዓመቱ በብዙ ጨዋታ። ብሉመር በዓመት ሦስት ዕድል ነበረው። ተጎድቶ አንድ ወር ቢተኛ የዓመቱ ብሔራዊ ቡድን አለፈው ማለት ነው። ለዚህ ነው በ12 ዓመት 23 ጨዋታ ብቻ ያየኸው።

ደርቢ ዛሬም አልረሳውም። በሜዳው ሲጫወት ቡድኖቹ ሲገቡ የሚከፈተው የደጋፊዎች መዝሙር የሱ ስም ያለበት ነው። በ2009 ደግሞ ከአንገት በላይ ያለ የነሐስ ሐውልቱን ሠርተው አቆሙለት። ያቆሙት በር ላይ ወይም አደባባይ ላይ አይደለም። ሜዳው ዳር፣ የባለሜዳው ቡድን አሰልጣኝና ተቀያሪዎች ከሚቀመጡበት አጠገብ ነው።